በኔቡላ ፎቶ ላይ የማይታየው ጋዝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ፀሐይን የመሰለ ኮከብ በመጨረሻው «ይፈነዳል» እየተባለ በየጋዜጣው መጻፉ ቢታረም መልካም ነው። የሚፈነዱት ከፀሐይ 8 እጥፍ ገደማና ከዚያ በላይ የሚከብዱት ናቸው። ፀሐይ ግን ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ግማሽ የሚያህል አካሏን በንፋስ ታራግፋለች።

ያረጀ ኮከብ ያብጣል፤ ከዚያም በወራት ዑደት እየተነፋና እየተኮማተረ ጋዙን ከገጹ ያነሳዋል። ጋዙ ከ1,500 ኬልቪን በታች ሲቀዘቅዝ ጥላሸት ወይም የአሸዋ ዓይነት ደቃቅ አቧራ ይፈጠርበታል። አቧራውን የኮከቡ ብርሃን ይገፋዋል፣ አቧራው ደግሞ ጋዙን ይዞት ይሄዳል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ንፋሱ እጅግ ሲበረታ በ10,000 ዓመት አንዲት ፀሐይ የሚያህል ጋዝ ይወጣል።

ይህ የወጣ ጋዝ በኮከቡ ዙሪያ የሚሠራው ደመና ኔቡላ ይባላል፤ ያማሩት ፎቶዎቹ የሚያሳዩት ከኮከቡ በቀረው የጋለ እምብርት ጨረር የበራውን ክፍል ነው። እንደ ኤንጂሲ 7027 ባሉ ወጣት ኔቡላዎች ግን የሚበዛው ቀዝቃዛው ሞለኪውላዊ ጋዝ ነው። ፎቶው ሲታተም ይህ ከሥሩ ቢገለጽ አንባቢ አይሳሳትም። ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን ጨረር አይሰጥም ለማለት ስለሚቻል፣ የሚፈለገው አብሮት ባለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በኩል፣ በ115.27 ጊጋኸርትዝ ሬዲዮ ሞገድ ነው።

ስሕተት የሚበዛው የጋዙን መጠነ ቁስ ሲያሰሉ ነው። የኔቡላው ርቀት 20 በመቶ ከተጋነነ ውጤቱ 44 በመቶ ይጋነናል፤ ስሌቱ ርቀቱን በራሱ ያባዛልና። ጋዙ ጥቅጥቅ ካለ ደግሞ የፊተኛው የኋለኛውን ስለሚጋርድ ውጤቱ ያንሳል፤ መፍትሔው ካርቦን 13 (ከተለመደው የሚከብድና እጅግ የሚያንስ የካርቦን ዓይነት) ያለበትን ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ መለካት ነው። ከሁሉ የሚያሳስበን ግን አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ሰባብሮ ሃይድሮጅኑን ሊተወው ይችላል። ያኔ «ጋዝ የለም» ብሎ መደምደም ይመጣል።

650 ብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቀው ሄሊክስ ኔቡላ ውስጥ ሞለኪውሎቹ የተረፉበት ቦታ ይታያል። በሺህ የሚቆጠሩ የጋዝና የአቧራ ጓሎች ራሳቸውን ወደ ኮከቡ፣ ጅራታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ተደርድረዋል። ፊታቸው ይበራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከጥላው በኩል ተጠልሎ ይቆያል።

የጅማ ተማሪዎች ይህን ኔቡላ በጥቅምት አጋማሽ፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከከተማው መብራት ርቀው ሊሞክሩት ይችላሉ፤ በደቡብ በኩል ከአድማስ 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። 10 በ50 ቢኖኩላር ይበቃል፤ የሚታየው ቀለም የሌለው ፈዛዛ ጉም ነው። ቴሌስኮፕ ያለው ዝቅተኛውን ማጉያ ይጠቀም፤ ማጉያው ከበዛ ብርሃኑ ይሳሳና ኔቡላው ይጠፋል።

የፊዚክስ መምህራን፣
ከጅማ