አባባ፣ ስለ ባሪ ቦንድስ ያልጨረስነው ክርክር

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም «አያታችን መቼ ነው የሚመጡት?» ማለቱን አልተዉም።

እሁድ ዕለት፣ የቤዝቦል ተጫዋቹ ቦንድስ ስቴሮይድ (ጡንቻ የሚያጎለብት የተከለከለ መድኃኒት) ተጠቅሟል እየተባለ የዝና አዳራሽ፣ የስፖርቱ ታላላቆች የሚከበሩበት ሙዚየም፣ ይግባ አይግባ ስንከራከር «አጭበርባሪን ማክበር ነውር ነው» እንዳሉ ስልኩ ተቋረጠ። በሚቆራረጥ መስመር መከራከር ስለሰለቸኝ በጽሑፍ ልመልስልዎ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የጻፍኩት።

ቤዝቦልን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሳን ፍራንሲስኮ ታክሲ ሲነዱ ከሬዲዮው የቦንድስ ክለብ የጃያንትስ ጨዋታ አይጠፋም ነበር። በ2001 ቦንድስ በአንድ የውድድር ዘመን 73 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳ አሻግሮ የሚያስቆጥር ምት) ሲመታ ቤታችን ውስጥ ከእርስዎ በላይ የጮኸ አልነበረም። አሁን ስሙ ሲነሳ ፊትዎን ያዞራሉ።

ቦንድስ ንጹሕ ነበር ብዬ አልከራከርም። በ2003 ለግራንድ ጁሪ፣ ክስ ይመሥረት አይመሥረት ለሚወስነው የዜጎች ጉባኤ፣ ቃሉን ሲሰጥ፣ አሠልጣኙ የሰጠው ነገር የተልባ ዘይትና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሆን ቅባት መስሎት እንደነበር ተናግሯል። እርስዎ ይህን ሲሰሙ «ተልባ እንዲህ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ጎጃም በሙሉ ሻምፒዮን ይሆን ነበር» ብለው ሳቁ። እኔም አላምነውም።

ግን ያኔ ሕጉ የት ነበር? ስቴሮይድ ክልክል መሆኑን የሊጉ ኮሚሽነር በ1991 በደብዳቤ አሳውቋል። ምርመራ ግን አልነበረም። በ2003 ስም ሳይጠራ ለጥናት ያህል ተመረመሩ፤ ቅጣት የመጣው በ2004 ነው። በመሃሉ ምን ሆነ? በ1994 ተጫዋቾች አድማ መቱ፣ የዓመቱ ሻምፒዮና ፍጻሜ ዎርልድ ሲሪስም ተሰረዘ፣ ሕዝቡ ተቀየመ። ከዚያ በ1998 ማርክ ማግዋየር 70፣ ሳሚ ሶሳ 66 ሆም ረን መቱና አገሩ በሙሉ ተመልሶ ስታዲየም ገባ። እነዚያ ክንዶች ከየት መጡ ብሎ የጠየቀ የክለብ ባለቤት ነበር? ብር እየገባ ማን ይጠይቃል! ማግዋየር መጠቀሙን ያመነው በ2010 ነው።

የዚያ ዘመን ኮሚሽነር ባድ ሴሊግ ግን በ2017 ኩፐርስታውን፣ የዝና አዳራሹ ውስጥ ገባ። በሩን ክፍት ትቶ ያንቀላፋው ዘበኛ ተሸለመ ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሌላው ጥርጣሬ የሚሉት ነገር ነው። ማይክ ፒያዛና ጄፍ ባግዌል በምርመራ አልተያዙም፤ ግን ሰውነታቸው ፈርጠም ያለ ነው ተብሎ ታሙ። በሐሜት ብቻ ዓመታት ጠበቁ፤ አንዱ በ2016፣ ሌላው በ2017 ገባ። ዴቪድ ኦርቲዝስ? በ2003ቱ ምርመራ ከተገኘባቸው አንዱ መሆኑን ኒውዮርክ ታይምስ በ2009 ጽፏል። ሊጉ በኋላ ውጤቱ አስተማማኝ አይደለም አለና በ2022፣ በመጀመሪያው ዓመቱ ተመረጠ። በዚያው ምርጫ ቦንድስ፣ በሙያ ዘመኑ 762 ሆም ረን ያለው ሰው፣ በአሥረኛና በመጨረሻ ዕድሉ 66 በመቶ አግኝቶ ቀረ። የሚያስፈልገው 75 ነው። ድምፅ የሚሰጡት ጋዜጠኞች ናቸው። ኦርቲዝ ጨዋታ ያውቃል፣ ይስቃል፣ ያስቃል። ቦንድስ ጋዜጠኛ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ይህ ምንም ሚና አልነበረውም ብለው ያስባሉ?

የመሠረት ደፋርን ነገር ማንሳትዎ ግን ልክ ነው። ቤጂንግ 2008፣ በ5,000 ሜትር ለቱርክ የሮጠችው ኤልቫን አቤይለገሠ ቀድማት መሠረት ነሐስ ወሰደች። በ2017 የኤልቫን ውጤት ተሰርዞ ብሩ ለመሠረት ሆነ። ያ እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ በደል አይደለም። ግን እዚያ የ2007 ናሙና ተቀምጦ ነበር፣ ዳግም ተመረመረ፣ ተወሰነ። በደሉ የደረሰባትም ሴት ትታወቃለች። የቦንድስን ቦታ ብንነጥቅ ለማን እንሰጣለን? መርፌውን እምቢ ብሎ ከታችኛው ሊግ ሳይወጣ የቀረ ልጅ አለ ካሉኝ ግን መልስ የለኝም። ከክርክርዎ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

እኔ ድምፅ ቢኖረኝ እንዲህ አደርግ ነበር። ቅጣቱ በይፋ ከታወጀ በኋላ የታገዱትን፣ ማኒ ራሚሬዝንና የ2014ን ዓመት ሙሉ የተቀጣውን አሌክስ ሮድሪጌዝን፣ አልመርጥም። አውቀው ነው የገቡበት። ከዚያ በፊት የነበሩትን አስገባና ዘመኑ ምን እንደነበር አዳራሹ ውስጥ በሚሰቀለው የነሐስ ሰሌዳቸው ላይ አጽፋለሁ። ቦንድስ የሃንክ አሮንን የሆም ረን ክብረ ወሰን የሰበረበት 756ኛ ኳስ እኮ ሙዚየሙ ውስጥ ነው፤ ክብረ ወሰኑ አጠራጣሪ ነው የሚል የኮከብ ምልክት (*) ተቀርጾበታል። ኳሱ ገብቶ መቺው ውጭ ይቅር ማለት ለእኔ አይገባኝም።

በ2025 መጨረሻ፣ ጋዜጠኞቹ ያለፏቸውን ተጫዋቾች እንደገና የሚያየው የአዳራሹ ኮሚቴ ምርጫም አልቀናውም። ከ16 ሰዎች የአምስቱን ድምፅ እንኳን ስላላገኘ በሚቀጥለው ዙር ስሙ አይቀርብም፤ እስከ 2031 መጠበቅ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ለእኔና ለእርስዎ ጊዜ አለን። እሁድ ስደውል መልስዎን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ፤ ሴሊግን ግን ዘለው ማለፍ አይቻልም።

አክባሪ ልጅዎ