ለመነሻ ልኬቱ ለተባበራችሁን ሁሉ የምስጋና መልእክት

የአንጎል ትእዛዝ ጡንቻ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካው የማግኔት ምርመራ መነሻ ልኬት ተጠናቀቀ። ሕመም ሳይኖርባችሁ፣ ሥራና ቤታችሁን ትታችሁ መጥታችሁ ለተለካችሁልን ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው። ያ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገም ልታውቁት ይገባል።

አናታችሁ ላይ ያረፈው ክብ ኮይል (የተጠመጠመ ሽቦ) ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 2 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ የሚደርስ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ የራስ ቅልን አልፎ እንቅስቃሴን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ያነቃል፤ ትእዛዙም በ20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የትንሿ ጣት ጡንቻ ይደርሳል። ተመራማሪው ባርከርና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ላይ ይህን መንገድ እስኪያሳዩ ድረስ አንጎልን ከውጭ ማነቃቃት የሚቻለው ራስ ላይ ኤሌክትሪክ በመልቀቅ ነበር፤ ያ ደግሞ ያማል።

ከ20ው ሚሊ ሰከንድ አብዛኛው የሚያልቀው ክንድ ውስጥ ባለው ነርቭ ነው። የእጅ አንጓችሁን በኤሌክትሪክ ደጋግመን የነካነው ይህን ድርሻ ለክተን ከጠቅላላው ጊዜ ላይ ለመቀነስ ነው። የኤፍ ሞገዱ (ከእጅ አንጓ ወደ ህብለ ሰረሰር ወጥቶ ወደ ጡንቻው የሚመለሰው) 27፣ የኤም ምላሹ (ከእጅ አንጓ በቀጥታ ጡንቻው የሚደርሰው) 3 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን፣ ሁለቱን ደምረን፣ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ለመመለሻ የሚፈጀውን አንድ ቀንሰን፣ ለሁለት ስናካፍል 14.5 ይመጣል። ከአንጎል የተነሳው ምላሽ በ21 ከደረሰ፣ ከአንጎል እስከ አንገት ህብለ ሰረሰር የፈጀው 6.5 ሚሊ ሰከንድ ነው ማለት ነው። መልቲፕል ስክሌሮሲስ የተባለው በሽታ የነርቩን ሽፋን ሲጎዳ፣ ወይም አንገት ላይ የተንሸራተተ ዲስክ ህብለ ሰረሰሩን ሲጫን የሚረዝመው ይኸው ቁጥር ነው። “ረዘመ” ብሎ ለመፍረድ ግን ጤነኛ ሰው በዚሁ መሣሪያና በዚሁ አለካክ ስንት እንደሚያመጣ መታወቅ አለበት። ከሌላ ላቦራቶሪ የተዋሱት ሰንጠረዥ ጤነኛውን በሽተኛ፣ በሽተኛውን ጤነኛ ሊያደርግ ይችላል። እናንተ የሰጣችሁን ይህንን መለኪያ ነው።

“ትንሿን ጣት በስሱ ወደ ውጭ ግፉ” ስንል ሳትሰለቹ ለደጋገማችሁልን ልዩ ምስጋና አለን። ጡንቻው ፈጽሞ ከላላ ምላሹ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፤ ይህን ያላስተዋለ መርማሪ በሽታ ነው ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ምላሹ በየምቱ መጠኑ ስለሚለዋወጥም በአንድ ምት አንረካም። ኮይሉ ቆዳ ላይ እንዲያርፍ ወፍራም ሹሩባችሁን ለፈታችሁ እህቶች፣ እጃችሁ 32 ዲግሪ እስኪሞቅ ለጠበቃችሁም እንዲሁ፤ ብርድ ነርቭን ያዘገያል። ትእዛዙ እግር ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ከቁመት ጋር ስለሚረዝም ረጃጅሞቹም አጫጭሮቹም መምጣታችሁ በጣም ጠቅሞናል።

የሚጥል በሽታ እንዳለባችሁ፣ ራሳችሁ ውስጥ ብረት ወይም የመስሚያ ተከላ፣ ደረታችሁ ላይ የልብ ምት መቆጣጠሪያ እንዳለ በግልጽ ነግራችሁን ሳትለኩ የተመለሳችሁም አላችሁ። ቅጹን በእውነት መሙላታችሁ ከአደጋ ጠብቆናል፤ እናንተንም እንደተለኩት እናመሰግናለን።

እግዚአብሔር ይስጥልን።

የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ክፍል ባልደረቦች