ወፎቹ ነሐሴን አይጠብቁም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በኒውካስልና አካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድሮም የባሕር ወፎች ወደሚፈለፍሉባቸው የፋርን ደሴቶች በጀልባ ልንሄድ መሆኑ ተነግሮናል፤ ቀኑም እንደ ልማዳችን ነሐሴ ላይ ነው። ጉዞውን እደግፋለሁ፣ ቀኑን ግን እቃወማለሁ። አንድ ጊዜ በዚሁ ወር ሄጄ፣ ገበያ ከተፈታ በኋላ ዘንቢል ይዞ እንደ ደረሰ ሰው ቆሜ ተመልሻለሁ። አለቱ በኩስ ነጥቷል፣ ጎጆው ባዶ ነው፤ ለልጆቹ የቀረላቸው ድንጋይ ላይ የተጋደሙ አቆስጣ የሚባሉ የባሕር እንስሳትን ማየት ነበር።

ፓፊን የምትባለው ባለቀለም ምንቃር ወፍ የብስ የምትረግጠው ለመፈልፈል ብቻ ነው። በጸደይ መጥታ፣ ጉድጓድ ውስጥ አንዲት እንቁላል ጥላ፣ ሐምሌ ሳያልቅ ወደ ባሕሯ ትመለሳለች። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። እኛ ሻንጣ ስናዘጋጅ እሷ ሄዳለች።

ታዲያ ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ያለችውን የአንድ ሳምንት የትምህርት ቤት እረፍት ለምን እንረሳታለን? አብዛኛውን ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለምትውል ምሳው የፍስክ ይሆናል። ነሐሴ ግን ፍልሰታ ነው፤ ወፉም የለ፣ ዶሮውም የለ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ከጎረቤቶቼ ጋር ሄጄ ልዩነቱን አይቻለሁ። ፓፊኗ ብርማ ትናንሽ ዓሦች በምንቃሯ ደርድራ፣ አሞራ ሳይነጥቃት ወደ ጉድጓዷ ትሮጣለች። የብርዱን ወራት ለማሳለፍ ወደ ደቡብ ዋልታ ባሕር የምትወርደው ነጯ አርክቲክ ተርን ደግሞ እንቁላሏን የምትጥለው ከእግር መንገዱ ዳር ነው፤ የሚያልፈውን ሰው አናቱን ትጠቀጥቃለች። ባርኔጣ አላደርግም ብለው ነጠላቸውን ብቻ የተከናነቡ አብረውን የሄዱ እናት «ኧረ እኔ ልጆችሽን አልነካሁም!» እያሉ ሲከራከሯት ጀልባ ነጂው ሳይቀር ሳቀ። ባርኔጣ ግድ ነው። ነጭ ልብስም ባይለበስ ይሻላል፤ ከላይ የሚወርደው ብዙ ነው።

እናቶቻችንን የሚስባቸው ሌላም ነገር አለ፦ ቅዱስ ከዝበርት የተባለው ባሕታዊ እ.ኤ.አ. በ687 ያረፈው ከእነዚሁ ደሴቶች በአንዱ ላይ ነው፤ ወፎቹን ይጠብቅ ነበር ይባላል።

አዘጋጆቹ ጀልባውን ከወዲሁ ያስይዙ። የጀልባው ክፍያና ደሴቱ ላይ ለመውረድ የሚከፈለው የተለያዩ መሆናቸውንም ቀድመው ይንገሩን፤ ባለፈው ወደቡ ላይ ስንጨቃጨቅ ግማሽ ሰዓት ሄዷል። ነፋስ ካየለ ጀልባ ስለማይወጣ ተለዋጭ ቅዳሜ ይያዝ። ደግሞም ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ደሴቱ ላይ መውረድ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠየቅ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወፍ ጉንፋን በገባ ጊዜ መውረድ ተከልክሎ እንደገና የተፈቀደው በ2024 ጸደይ ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከኒውካስል