ለሐሙሱ የፕሮጀክት ማቅረቢያ

ውድ የሚዲያ ክበባችን አባላት፣

ሐሙስ ሥራዎቻችንን እናቀርባለን። ዓምና የደረሰብኝን እንዳይደርስባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው፤ በአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ፊደል ስላልተጫነ፣ ሌሊቱን ያሳመርኩት ርእስ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ወጣ። ስላይዳችሁን በፓወርፖይንትም ሆነ በካንቫ ሥሩት፣ የፒዲኤፍ ቅጂውን አብራችሁ ያዙ፤ ፊደሉ አብሮት ይጓዛል። ቪዲዮውን ግን ከስላይዱ ውጭ ለብቻው አስቀምጡት።

ፊልማችሁን በቴሌግራም ስትልኩልኝ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን። እንደ ቪዲዮ የተላከ ይጨመቃል፤ በስልክ ላይ ብዙም አያስታውቅም፣ በፕሮጀክተር ግድግዳውን ሲሞላ ግን የተናጋሪው ፊት ይደበዝዛል። ቴሌግራም በነጻ እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ከዚያ የበለጠውን በፍላሽ አምጡ፤ በፋት32 (FAT32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ዘዴ) የተዘጋጀ ፍላሽ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፣ አስቀድማችሁ ሞክሩት።

ከምስሉ ግርጌ የሚሄደውን ጽሑፍ ለብቻ ካዘጋጃችሁት በዩቲኤፍ-8 (UTF-8 በሚባለው፣ አማርኛን በሚይዘው የፊደል ኮድ) አስቀምጡ፤ አለዚያ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ብትሰሙኝ ከቪዲዮው ጋር አዋህዱትና ተገላገሉ።

ፋይሎቹ እስከ ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ይድረሱኝ። ድምፅ ማጉያውን እኔ አመጣለሁ፤ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ያለው ሰው ያሳውቀኝ።