በድር ማለት ቁጥር ብቻ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ በድር ጦርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። 313 ሙስሊም 1000 ገደማ የሚሆን የቁረይሾች (የመካ ጎሳ) ጦር አሸነፈ፣ አለቀ! ይቺንማ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃታለን። የውሃ ጉድጓዶቹስ የት ገቡ? በድር ከመዲና ደቡብ ምዕራብ ያለች፣ በሶሪያና በመካ መካከል የሚመላለሱ ነጋዴዎች ግመል የሚያጠጡባት ቦታ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ624 ውጊያው ሊጀመር ሲል ከሙስሊሞቹ አንዱ የሆነው ሁባብ ኢብን አል ሙንዚር ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) «እዚህ የሰፈርነው በአላህ ትእዛዝ ነው ወይስ የጦር ስልት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ስልት ነው ሲባል፣ እንግዲያውስ ለቁረይሾች ቅርብ ወደሆነው ጉድጓድ እንሂድና የቀሩትን እንድፈናቸው አለ። ሐሳቡም ተሰማ። አንድ ወታደር የጦር መሪውን እንዲህ ፊት ለፊት ሲጠይቅ እናንተ በአንድ መስመር እንኳ አታነሱትም?

የምርኮኞቹንም ነገር ዘላችሁታል። ቤዛ የሚከፍለው ያጣ፣ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችል ቁረይሽ፣ አሥር የመዲና ልጆች አስተምሮ ነፃ ይወጣ ነበር። ቢላልስ? እናቱ ሐበሻ የሆነችው ቢላል፣ በመካ ትኩስ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረቱ ላይ ድንጋይ ይጭንበት ከነበረው ከቀድሞ ጌታው ከኡመያ ጋር የተገናኘው እዚያው በድር ላይ ነው። ለሐበሻ አንባቢ ይሄ ይቀራል እንዴ?

ዛሬ ከተማዋ ውስጥ በውጊያው የወደቁት የ14ቱ ሸሂዶች (ሰማዕታት) ስም የተጻፈበት ሐውልት አለ። በሚቀጥለው እትም ፎቶውን ብታወጡት፣ ካርታም ብትጨምሩበት ጥሩ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ