ስለ ዊልያም ባርንስ የልደት ዓመት

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ እንግሊዛዊው መምህርና የቋንቋ ሊቅ ዊልያም ባርንስ በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ የተጠቀሰው የልደት ዓመት እንደገና እንዲመረመር በአክብሮት አመለክታለሁ። በ1800 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተወለደ የሚለው ቃል በ1911 የታተመውን የብሪታኒካ መዝገበ ዕውቀት ጨምሮ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ ቢሆንም፣ ዛሬ በአጥኚዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1801 ነው፤ የተወለደውም በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ባለው የዶርሴት አውራጃ፣ በስተርሚንስተር ኒውተን አቅራቢያ በምትገኘው ባግበር ነው።

የምንጮች መብዛት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁሉም ከአንድ የተሳሳተ ገጽ ቀድተው ሊሆን ይችላልና። በእንግሊዝ መንግሥት ልደትን መመዝገብ የጀመረው በ1837 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው ቀዳሚው ምስክር የደብሩ የጥምቀት መዝገብ ነው፤ እሱም ቢሆን የተጠመቀበትን እንጂ የተወለደበትን ቀን ሁልጊዜ እንደማይነግረን ልብ ሊባል ይገባል።

ከገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በአብዛኛው ራሱን በራሱ አስተምሮ፣ ከ1823 ጀምሮ ሚር በተባለች ከተማ፣ ከ1835 በኋላም በዶርቼስተር ትምህርት ቤት እየመራ፣ በ1854 ከ60 በላይ ቋንቋዎችን ያነጻጸረ የሰዋስው መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ታሪኩ በጥንቃቄ ሊጻፍለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እርማቱ በሚቀጥለው እትም እንዲወጣ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ