የግንባታ ዕቅድ ለሠራተኛው ዓይን ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴና በኮምቦልቻ ሕንፃዎች ላይ በፎርማንነት ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት የሥራ ዕቅድ በሳይት ቢሮ መሳቢያ ተቆልፎበት፣ በእጁ የሚሠራው አናጺና ብረት አሳሪ ሳያየው የሚቀርበት ልማድ ስላሳሰበኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ በሠራሁበት አንድ ሳይት፣ የሶሌታው (የፎቁ ወለል አርማታ) ፑንቴሎዎች፣ ማለትም ከሥር ደግፈው የሚይዙት እንጨቶች፣ ያለጊዜያቸው ተነቅለው መሐሉ ረገበ፤ ስንጥቅም ታየበት። አርማታው የተሞላበት ቀን በመዝገብ ላይ በትክክል ሰፍሯል፤ እንጨቱ ለላይኛው ፎቅ ስለተፈለገ ብቻ ንቀሉ የተባሉት የቀን ሠራተኞች ግን መዝገቡን አይተውት አያውቁም። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ብርዳማ ከተማ በመሆኗ፣ አርማታ እዚህ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ነው፤ ታች በለመደው ግምት የሚነቅል ሰው መሳሳቱ አይቀርም። ከዚያ ወዲህ በኃላፊነት በያዝኩት ሥራ ሁሉ የተሞላበትንና የሚነቀልበትን ቀን በቀይ ቀለም ኮለኑ (ምሰሶው) ላይ አጽፋለሁ፤ ማንበብ ለማይችለውም በየፑንቴሎው ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፣ ጨርቁንም ከመሐንዲሱ በቀር ማንም አይፈታውም። ወጪው አንድ ጣሳ ቀለምና ቁራጭ ጨርቅ ነው።

ግሌን ባላርድና ግሬግ ሃዌል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባጠኗቸው ግንባታዎች፣ ለሳምንቱ ከታቀደው ሥራ በቀኑ የሚያልቀው ከግማሽ ብዙም እንደማይበልጥ አሳይተዋል። መፍትሔ ያሉትም ዕቅዱን ሥራውን የሚመራው ሰው ራሱ ቃል እንዲገባበት ማድረግ ነው። እኛም ቅዳሜ ከሰዓት ካቦዎቹን (የሠራተኛ ቡድን መሪዎቹን) ሰብስበን፣ እያንዳንዱ በቀጣዩ ሳምንት የሚጨርሰውን፣ ያለፈውን ሳምንት ውጤትና ያላለቀበትን ምክንያት በሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመርን። በሦስተኛው ሳምንት «ብረት አልደረሰም» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ተደርድሮ ሲታይ፣ አናጺውን መውቀስ ቀርቶ ግዥ ክፍሉ ራሱ ሰሌዳው ፊት መጥቶ ቆመ። ምክንያቱን የጻፈ ካቦ ደመወዙ ቢቆረጥ ኖሮ ግን በሚቀጥለው ሳምንት እውነቱን የሚጽፍ አይገኝም ነበር።

ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ የሆነውን ካይዘንን የሚያስፋፋው የካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለው አሠራር በፋብሪካዎች የታወቀ ቢሆንም፣ እኔ በሠራሁባቸው ሳይቶች ብዙ ጊዜ አላየሁትም። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች የሕንፃ ተቆጣጣሪዎች ለፍተሻ ሲመጡ፣ ከመዝገቡ በፊት ኮለኑ ላይ ቀኑ ተጽፎ እንደሆነ እንዲያዩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ፎርማን፣ ከደሴ